«አፈሩ ይቅለልሽ» በላቲን፤ የሮማ መቃብር ድንጋዮች ቃላት

በሮማ መቃብር ድንጋዮች ላይ የሚቀረጸው «ኤስ ቲ ቲ ኤል» የሚል ምህጻረ ቃል ምንድን ነው ብሎ ለጠየቀው ወንድማችን፦ ሲዘረዘር «ሲት ቲቢ ቴራ ሌዊስ» ነው። እስካሁን የቀረቡት ፍቺዎች «ምድር ትቅለልህ» ይላሉ። አልተሳሳቱም፣ ግን የአማርኛ ለዛ የላቸውም። ለቅሶ ቤት ማን «ምድር» ይላል? እኛ «አፈሩን ያቅልልለት» ነው የምንለው፤ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» የሚልም አለ። «ቴራ» ምድርም አፈርም ስለሆነ እዚህ ቦታ ላይ አፈር የሚለው ልክ ገጥሞ ይቀመጣል።

ግን አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። «አፈሩን ያቅልልለት» ስንል አቅላዩ እግዚአብሔር ነው፤ ስሙን ባንጠራውም ግሱ ውስጥ አለ። ላቲኑ ላይ እግዜርም ሆነ ጣዖት የለም። የሚቀለው ራሱ አፈሩ ነው። ስለዚህ የሚቀርበው «አፈሩ ይቅለልህ» ወይም «ይቅለልሽ» ነው። ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይብሳል። እኛ የምናወራው ከሐዘንተኛው ጋር ስለሆነ ሟቹን «እሱ» እንለዋለን። ላቲኑ ግን «ቲቢ» ብሎ ሟቹን ፊት ለፊት «አንተ» ይለዋል።

ማን ነው የሚለው? አላፊ አግዳሚው። በጥንቷ ሮማ ከተማ ውስጥ መቅበር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ክልከላው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከወጡት የ12ቱ ሰሌዳዎች ሕግጋት አንዱ ነው። መቃብሮቹ ከከተማ ወጣ ብለው እንደ አፒያ ባሉ ጎዳናዎች ዳርና ዳር ተደረደሩ። ስለዚህ ድንጋዩ የሚያናግረው መንገደኛውን ነው። በደቡብ ስፔን በተገኙ ድንጋዮች ላይ ረዘም ያለ ምህጻረ ቃል አለ፦ «ቲ አር ፒ ዲ ኤስ ቲ ቲ ኤል»። ሲፈታ «አንተ አላፊ፣ እባክህ አፈሩ ይቅለልህ በለኝ» ማለት ነው። በስምንት ፊደል! ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ በሚያነብበት ዘመን፣ ድንጋዩን ያነበበ ሰው ሳያስበው ለማያውቀው ሟች መረቀለት ማለት ነው። እኔ ይህን አሠራር በጣም ነው የምወደው።

ለምን አሳጠሩት ላላችሁት፣ ድንጋይ መቅረጽ ገንዘብም ቦታም ይበላል፤ ቃሉን ደግሞ ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል። «ኤች ኤስ ኢ» እዚህ ተቀምጧል ወይም ተቀምጣለች ነው። «ቢ ኤም» ለሚገባው፣ ለሚገባት ነው። «ኤች ኤም ኤች ኤን ኤስ» ስታዩ ግን ጉዳዩ የውርስ ነው፦ «ይህ መቃብር ወደ ወራሽ አይተላለፍም»። ሰውየው ልጆቹ ወይም የልጅ ልጆቹ መቃብሩን እንዳይሸጡበት ሰግቶ በድንጋይ ኑዛዜ አስፍሯል። አንዳንዱ ከዚህ አልፎ የቦታውን ስፋት ያጽፋል፤ በፊት ለፊት ይህን ያህል ጫማ፣ ወደ ውስጥ ይህን ያህል ጫማ ብሎ። የድንበር ክርክር የትም አለ።

አሁን ወደ «ዲ ኤም»። «ዲስ ማኒቡስ» ነው፤ አናት ላይ የሚቀመጠው። እዚህ «ለሙት መንፈስ» ብለው የተረጎሙትን አልደግፍም። በአማርኛ ሙት መንፈስ ሲባል ጠንቋይ፣ ጠሪ፣ ሳቢ ነው ትዝ የሚለን። «ማኔስ» ግን እንደዚያ የሚያስፈሩ አልነበሩም። የቤተሰቡ ሙታን በጅምላ ናቸው፤ ቃሉ ነጠላ ቁጥር እንኳ የለውም። ለእነሱ በየዓመቱ ከየካቲት 13 እስከ 21፣ በሮማውያኑ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፓሬንታሊያ የሚባል የመታሰቢያ በዓል ነበር። «ለሙታን አማልክት» ብሎ መተው ይሻላል። ደግሞ «ዲ ኤም» ያለበት ድንጋይ ሁሉ የአረማዊ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ሮም ከቫቲካን ኮረብታ የተገኘው የሊኪኒያ አሚያስ ድንጋይ አናቱ ላይ «ዲ ኤም» አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የክርስቲያኖች ምልክት የሆኑ ሁለት ዓሣዎችና «የሕያዋን ዓሣ» የሚል የግሪክኛ ጽሑፍ ተቀርጾበታል።

የቀረውን ጊዜ ለአንዲት ሴት ልስጥ። ለቃል ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ድንጋይ አላውቅም።

በ1878 ሰሜን እንግሊዝ ሳውዝ ሺልድስ ላይ፣ ሮማውያን አርቤያ ይሉት በነበረው ምሽግ አጠገብ፣ አንድ የመቃብር ድንጋይ ተገኘ። የ2ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ እንዝርትና መፍተያ አለ፣ አጠገቧ የሱፍ ልቃቂት የሞላ ቅርጫት፣ በቀኝ እጇ በኩል የተከፈተ ሣጥን። ፊቷ ተሰብሯል። ስሟ ሬጂና ነው፤ ንግሥት ማለት ነው። ንግሥቲቱ ባሪያ ነበረች።

ላቲኑ እንዲህ ይላል፦ «ለሙታን አማልክት። ሬጂና፣ አርነት ያወጣትና ያገባት ፓልሚራዊው ባራቴስ፣ ትውልዷ ካቱቬላውኒ፣ ዕድሜ 30»። «ናቲዮኔ» የሚለውን «ዜግነት» እያላችሁ የምትተረጉሙ ተዉ፤ ያ ቃል ትውልድን፣ ዘርን ነው የሚናገረው። ካቱቬላውኒ ከለንደን ሰሜን ይኖር የነበረ የብሪታንያ ጎሳ ነው። 30 የሚለውንም አትመኑት፤ በእነዚህ ድንጋዮች ላይ ዕድሜ ወደ አምስትና ወደ አሥር መጠጋጋቱ የተለመደ ነው። ሰዋስዉ ላይ ደግሞ ባራቴስ ይንገዳገዳል። «ለሬጂና፣ ለሚስቱ» የሚለውን የሚያሳይ ቅጥያ ማስገባት ሲገባው ሌላ አስገብቷል። ላቲን የአፍ መፍቻው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

የአፍ መፍቻው ከሥር ነው ያለው። አንድ መስመር ብቻ፣ በፓልሚራ ፊደል፣ በአራማይክ። ፓልሚራ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ተድሞር የምትባለው የሶርያ ከተማ ናት። ፊደሉ አናባቢ ስለሌለው አናባቢውን የሚሞሉት ሊቃውንት ናቸው፤ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦ «ረጊና፣ ባት ሐሪ ባራታ፣ ሐበል»፤ «ሬጂና፣ ባራታ አርነት ያወጣት፣ ወዮ» ማለት ነው። ባራታ ያው ባራቴስ ነው፣ በራሱ ቋንቋ።

«ባት ሐሪ» የሚለው ላይ ቁሙ። «ባት» ሴት ልጅ ነው። «ሐሪ» ደግሞ የግዕዙ «ሐራዊ»፣ የኛው «ሐርነት» ወይም «አርነት» ዘመድ ነው፤ ሥሩ ሐ እና ረ። አረብኛው «ሑር» የሚለውም ከዚያው ነው። ላቲኑን ስተረጉም «ነጻ ያወጣት» ትቼ «አርነት ያወጣት» ያልኩት ለዚህ ነው። ባራቴስ ለሚስቱ የቀረጸላትን ቃል የሥጋ ዘመድ እኛ ዛሬም እንናገረዋለን። ይህን የሚያህል ነገር በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ሲያልፈን ያንገበግበኛል።

«ሐበል» የሐዘን ቃል ነው፣ «ወዮ»። በፓልሚራ መቃብሮች ላይ በብዛት የሚገኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እኔን!» እንበለው ብላችኋል። ደስ ይላል፣ ግን «እኔን» ውስጥ «በእሷ ፋንታ እኔ ልሁን» የሚል አለ፤ አራማይኩ ያን አይልም። «ወየው» ይበቃዋል።

ሁለቱን ስታስተያዩ ደግሞ ላቲኑ ሚስት ይላታል፣ ጎሳዋን ይጠራል፣ ዕድሜ ይቆጥራል። አራማይኩ ይህን ሁሉ ትቶ ስሟን፣ ባራታ አርነት እንዳወጣትና «ወየው»ን ብቻ ይዟል። አቀራረጹም ከላቲኑ ይልቅ የጸዳ ነው፤ ቀራጩ እጁ የለመደው ፊደል ይመስላል። እዚያ ምሽግ ላይ ማን ሊያነበው ነው? ጥቂት የአገሩ ሰው ካልሆነ ማንም። እኔ ላቲኑን ለመንገደኛ፣ አራማይኩን ለራሱ ነው ያስጻፈው ባይ ነኝ።

ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ ከሠሩት ከሃድሪያን ግንብ ብዙም በማይርቀው በኮርብሪጅ ደግሞ የሌላ ፓልሚራዊ መቃብር ድንጋይ አለ። የስሙ መጀመሪያ ተሰብሮ «ራቴስ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ብዙዎች ያው ባራቴስ ነው ይላሉ። ሥራው «ዌክሲላሪዩስ» ተብሏል፤ የጦር ባንዲራ ያዥ ወይስ ባንዲራ ሻጭ በሚለው ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ዕድሜው 68 ነው። እሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በላቲን ብቻ ነው፤ አራማይክ የጻፈለት የለም።