ከድሬ ሐረር ለአንድ ምሽት፦ ሌሊቱን መመለስ ይቻላል?

መንገደኛው
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ለሥራ ድሬዳዋ እንመጣለን፤ የምናርፈው ከዚራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሐረር ወጥተን ጅብ ሲበላ አይተን፣ እራት በልተን፣ ትንሽ ተጫውተን ሌሊቱን ለመመለስ አስበናል። ሁለታችን እንጠጣለን፣ አንዱ ይቅማል፣ አንዷ ምንም አትነካም። መኪና የለንም። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀላል መስሎን ነበር፤ አንድ የሥራ ባልደረባ ግን «በሌሊት እንዳትሞክሩት» አለን። ለምን? ሰው ቢታመም ወይም ስልክ ቢጠፋስ ምን ይደረጋል?

የደንገጎ ሹፌር
ባልደረባችሁ እውነቱን ነው። አቦ፣ ኪሎ ሜትሩን አትዩት፣ መሃሉ ላይ ደንገጎ አለ። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ደንገጎ ላይ ከ2000 ሜትር በላይ ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ይገባል። ስትመለሱ ያ ሁሉ ዳገት ቁልቁለት ይሆናል፣ ኩርባ በኩርባ። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ያቆማል። ደህና ሹፌር በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስያዘ ነው የሚወርደው። የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አስቁሙትና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ የጋለው ላይ ውሃ እንዳያፈስበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የጫት መኪኖች አሉ። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለማድረስ ስለሚሽቀዳደሙ ኩርባ ላይም ይቀድማሉ።

ትራንስፖርቱ ደግሞ ከፕሮግራማችሁ ጋር አይገጥምም። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ከመሸ ተሳፋሪ ስለሌለ አይሞላም። ጅብ ማብላቱ የሚጀምረው ደግሞ ከመሸ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ትርኢቱ ሲያልቅ የሚቀራችሁ ኮንትራት ብቻ ነው። ያን ሰዓት የምታገኙት ሹፌር ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ወይም ሲቅም የዋለ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋውንም እሱ ነው የሚቆርጠው።

ሐረር እደሩ። ቅዳሜ ሰርግና እንግዳ ስለሚበዛ ክፍል ማታ አይፈለግም፤ እንደደረሳችሁ ከፍላችሁ ቁልፍ ያዙ። መታወቂያ ሳያዩ አያስገቡም፣ አራታችሁም ያዙ። ጃኬትም ያዙ፤ ከድሬ በቲሸርት የወጣ ሰው ሐረር ማታ ይንቀጠቀጣል።

ነርስ
ጫትና መጠጥ ለተቀላቀለበት ቡድን የምለው አለኝ። የሚቅመው ልጅ ማታ ላይ በጨብሲ (ከጫት በኋላ በሚጠጣ መጠጥ) ምርቃናውን፣ ማለትም የጫቱን ንቃት፣ ልስበር ካለ ተከታተሉት። ጫቱ ያነቃል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ስካሩ ስለማይሰማው ከልኩ በላይ ይጠጣል፤ ምርቃናው ሲወርድ አልኮሉ ብቻውን ይቀርና ድንገት ይጥለዋል። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ሆዱም ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ጠርሙስ በፊት እራት ይብላ፣ በየጠርሙሱ መሃል አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ።

ሰክሮ የወደቀን ሰው በጎኑ አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበት እጠፉት፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል፤ ቢያስመልስ እንዳይታፈን ነው። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ጣት ከቶ ማስመለስ አይጠቅሙትም፣ ይጎዱታል። ብቻውንም አትተዉት፤ መጠጣት ካቆመ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል። ትንፋሹን ቁጠሩ። በደቂቃ ከ8 በታች ከሆነ፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ስትቆነጥጡት ካልነቃ ሆስፒታል ነው። ሐረር ላይ ሕይወት ፋና፣ ድሬ ላይ ድል ጮራ በሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን በጎኑ ይዛችሁ ውሰዱት።

ምንጩ ያልታወቀ አረቄ አትንኩ። ሜታኖል ያለበት ከሆነ የመጀመሪያው ምሽት ተራ ስካር ይመስላል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። በማግስቱ «ጉም ጉም ይለኛል» ያለ ሰው እንቅልፍ አያስፈልገውም፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።

ሲም ካርድ
ስልክ ከጠፋ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሲሙን አሳግዱ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994። የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሲሙ ስለሆነ እሱ ክፍት እያለ ሌላው ሁሉ ክፍት ነው። ቀጥሎ ቴሌብር 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የመጥፋት ማስረጃ ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ *#06# ነክታችሁ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ የሲም ፒን (የሲሙን መቆለፊያ ቁጥር) አብሩ፣ የመታወቂያችሁን ፎቶ ለምንም የማትነካዋ ልጅ ስልክ ላኩ። ጥሬ ብር አንድ ኪስ ውስጥ አታከማቹ፤ ለባጃጅና ለቁርስ የሚሆነው ክፍሉ ውስጥ ይቅር።

የፈላና በር
ጅብ የሚበላበት ፈላና በር በኩል ነው፣ ከአምስቱ የጀጎል (የጥንቷ ሐረር ግንብ) በሮች አንዱ። የባጃጁን ዋጋ ሳትሳፈሩ ጨርሱ፣ መመለሻውንም አብራችሁ ተስማሙ። ጀጎል ውስጥ መንገድ ከጠፋችሁ ጠባቡን ጀርባ መንገድ አትከተሉ፤ አደባባዩን «ፈረስ መጋላ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ሰፊው መንገድ በሐረር በር ያወጣችኋል።

ሌሊት ጅብ መንገድ ላይ ይገጥማችኋል። ሰው ለምዷል፣ ግን የዱር አውሬ ነው። አትሩጡ፣ አትጎንበሱ፣ የተረፈ ሥጋ በፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀጥ ብላችሁ መንገድ ልቀቁለት። የሰከረ ጓደኛ ግንብ ሥር «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ የሚተውበት ከተማ አይደለም።

መንገደኛው
በጣም አመሰግናለሁ። ሐረር እናድራለን፣ ክፍሉን ነገ እይዛለሁ። እሑድ 6 ሰዓት ላይ ከድሬ በረራ አለን፤ ጠዋት ስንት ሰዓት እንነሳ?

የደንገጎ ሹፌር
1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሁኑ፣ ሲሞላ ይነሳል። መንገድ ላይ ካልተዘጋ ከ3 ሰዓት በፊት ድሬ ናችሁ። ዝናብ ካለ ግን ቀድማችሁ ውጡ። ድሬ ስትገቡም ደቻቱ ወንዝ ደርቋል ብላችሁ በአሸዋው አታቋርጡ፣ በድልድዩ እለፉ። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው በአንዴ ይደርሳል፤ ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እንደዚያ ነው።