በርጩማ ላይ የተቀመጠችን እናት ሳላሳንስ እንዴት ልቅረጻት?

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ ከጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም እየሠራሁ ሳለ አንድ ትዕይንት ስላስቸገረኝ፣ የካሜራ ሙያ ያላችሁን ምክር በትሕትና እጠይቃለሁ። በትዕይንቱ እናት በጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ትቆላለች፤ ልጇ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳያማክራት የቡና ማሳቸውን ማከራየቱን ይነግራታል።

ከልጁ ዐይን ቁልቁል ስቀርጻት የተሸነፈች ትመስላለች፤ ከእርሷ ዐይን ሽቅብ እርሱን ስቀርጸው ጥፋተኛው ይገዝፋል። እኔ ግን ክብሩ ከእርሷ ዘንድ መሆኑ እንዲታይ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «ሲቲዝን ኬን» በተባለው ፊልም ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስና የካሜራ ባለሙያው ግሬግ ቶላንድ ወለል አስቆፍረው፣ በምርጫ የተሸነፈውን ሰው ከእግሩ ሥር ሽቅብ ቀርጸውታል፤ እንደ እኔ አስተያየት ግዝፈቱ ባዶነቱን አጎላው እንጂ አላስከበረውም። ይህ ለልጁ ይሠራ ይሆን?

ካሜራውን ከጉልበቷ በታች አውርጄ ሰፊ ቦታ በሚያሳየው የ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቅርበት ስሞክር ፊቷ ተዛባ፤ ጠበብ ያለ ቦታ በሚያሳየው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስሞክር ደግሞ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ መራቅ አልቻልሁም፣ ምድጃውም ከፍሬሙ (ካሜራው ከሚያሳየው የምስል ክልል) ወጣ። በእናንተ ልምድ፣ ሁሉንም በእርሷ የዐይን ከፍታ ቀርጬ የልጁን ፊት ከፍሬሙ ውጭ ማስቀረት ይሻላል፣ ወይስ እርሱንም ከፊቷ ማስቀመጥ?