መኪና ሻጩ ለልጆቼ ስፖንሰር ልሁን አለ፤ ምን ልጠይቀው?

የሳቢያኑ አሰልጣኝ

የድሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ሳቢያን ውስጥ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ 22 ልጆች አሰለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም። ቀን ጋራዥ እውላለሁ፣ 11 ሰዓት ላይ ሜዳ እወርዳለሁ።

የክረምቱ ውድድር ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀረው። ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ መኪና ሻጭ ጠርቶኝ ሙሉ ማሊያ ላልብሳችሁ አለኝ። በምትኩ ስሙ ደረታችን ላይ ይጻፋል፣ በፍጻሜው ቀን ደግሞ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና ሜዳው ዳር ያቆማል። ሐሳቡ ገብቶኛል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የሚሸጠው ይሄንኑ ነው። ሰዉ ደግሞ «የሐረር መንገዱን አቀበት፣ ደንገጎን ይወጣል ወይ?» እያለ ያመነታል። ሕዝብ የተሰበሰበበት ላሳይ ቢል ቅር አይለኝም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሌላ ነጋዴ ማሊያ ሰጠን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ከዚያ ስልክ አላነሳም። በሦስተኛው እጥበት ጽሑፉ መላጥ ጀመረ። በረኛችን አሁንም ይለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ የቀሩት የነጋዴው ስልክ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ያን ዓመት ሐረር ጨዋታ ነበረን። የምንሄድበት መኪና አጥተን በፎርፌ ተሸነፍን። ልጆቹ ታኬታቸውን በፌስታል ይዘው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቁ ነበር። ቀርቷል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

አሁን ምን ልጠይቀው? ብዙ ብጠይቅ ማሊያውም እንዳይቀር ፈራሁ።

ሽያጭ የሠራሁ

አቦ አትፍራ! ሰባት ዓመት መኪና ሸጫለሁ። ሜዳ ዳር ቆሞ ልጁን የሚያይ አባት ለሻጭ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ከተማ ሰው መኪና የሚገዛው ከሚያውቀውና ሰው ከመሰከረለት ነው። ስለዚህ ልመና አይደለም፣ አንተም የምትሰጠው አለህ።

ከማሊያው በፊት ሚኒባስ ጠይቀው። ሐረር ደርሶ መልስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና የሚሸጥ ሰው ሚኒባስ ባይኖረው እንኳ ከማን እንደሚገኝ ያውቃል። ስንት ጉዞ፣ በየትኛው ቀን፣ ሾፌሩን ማን ይከፍላል የሚለው አንድ ወረቀት ላይ ይስፈርና ሁለታችሁም ፈርሙ። በቃል ብቻ የተባለ ነገር ሥራ ሲበዛ ይረሳል፣ በክፋት አይደለም።

የተጫዋች እናት

ወንድሜ፣ መኪኖቹ ከጎሉ ጀርባ እንዳይቆሙ። የልጅ ኳስ መስታወት ቢሰብር ማን ሊከፍል ነው? መግቢያው ጋ ይቁሙ። ደግሞ እባክህ ልጆቹን ለፎቶ ብለው ፀሐይ ላይ እንዳያቆዩአቸው። የኔ ልጅ አንድ ምረቃ ላይ ባንዲራ ይዞ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ ራሱን ስቶ ወድቋል። ውሃና በረዶም ጨምርበት፤ የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ።

የኮተኒ ደጋፊ

ልጄ፣ እኔ ያደግሁት ኮተኒን እያየሁ ነው። የድሬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ነበር፣ ግን የኢትዮጵያን ሻምፒዮና በተደጋጋሚ ወስዷል። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎም የኮተኒ ተጫዋች ነበር። ፋብሪካው ቡድኑን የራሴ ይል ስለነበር እኛም ፋብሪካውን የራሳችን እንል ነበር። ሰውየው ለአንድ ፍጻሜ ሳይሆን ለሁለት ዓመት እንዲፈርም ጠይቀው።

ሌላም ልንገርህ። ሐረር ከድሬ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ልጆቹ ከመኪና ወርደው ወዲያው ከሮጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሚኒባሱ በጠዋት ይነሣ።

የሳቢያኑ አሰልጣኝ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፦ ሦስት የሐረር ጉዞ፣ ውሃ ከነበረዶው፣ ሁለት ዓመት። መኪኖቹ መግቢያው ጋ። ሐሙስ ጠዋት ይዤለት እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ማሊያ ላይ ስም በጥልፍ የሚሠራ ሰው የሚያውቅ አለ? ሕትመቱ ይላጣል። ቢያንስ የበረኛውን በጥልፍ ላሠራለት።