የእግሬ ጣት መሃል እየተላጠ አስቸገረኝ

ጠያቂ፦ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነው የምውለው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከአራት ኪሎ በእግሬ ስመጣ ጫማዬ ይበሰብሳል፤ እዛው እግሬ ላይ ይደርቃል። አሁን በትንሿና በአጠገቧ ባለችው ጣቴ መሃል ቆዳው ነጭ ሆኖ ይላጣል። ማሳከኩስ አይጣል ነው! ትሪ ይዤ እንዴት ልከክ? እናቴ በጨው ውሃ ዘፍዝፊው ትላለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ፈንገስ ይመስላል። እኔ ፋርማሲ ክሎትሪማዞል ቅባት ሰጥተውኝ ነው የዳንኩት። ማሳከኩ ሲተውሽ ግን እንዳታቆሚ። እኔ ቶሎ ትቼው ተመልሶ መጣብኝ። ስትታጠቢ የጣቶችሽን መሃል በደንብ አድርቂ፤ ዋናው እሱ ነው።

መልስ 2፦ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ቋጥረሽ ያዢ፣ ስትደርሺ ቀይሪ። ጫማም ሁለት አድርገሽ አፈራርቂ። የረጠበው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት።

መልስ 3፦ ስኳር ካለብሽ ግን ቤት ውስጥ እየሞከርሽ አትቆዪ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ጠያቂ፦ ስኳር እንኳ የለብኝም፣ ተመስገን። ጋዜጣ ግን አሁን ከየት ይመጣል? በካፌው ሶፍት ልሞክረው፣ አለቃዬ ካላየችኝ።