የጀልባዬን ሆድ ውሃ ላይ እንዳለች ራሴ ላጽዳት? ጥቆማ ፈልጌ ነው

ሸራው፦ ሰላም ቤተሰብ። አሜሪካ፣ አናፖሊስ፣ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ ያሰርኳት 27 ጫማ የሸራ ጀልባ አለችኝ። ሙቀቱ ሲመጣ ሆዷ በአልጌ ተሸፈነ፣ ባርናክልም (ያ ተጣባቂው ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት) ጀምሯታል፤ ነፋስ እያለ እንኳን አትሄድም። ከውሃ ማስወጣቱ ኪስ ያራቁታል። በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ገብቼ ልፈትጋት ነው። ምን ዓይነት ብሩሽ ይሻላል? ከየትስ ልግዛ?

የዓባይ ማዶ፦ ሽጣት ወንድሜ።

ማሚቱ፦ ብቻ ጠላቂ እንዳትቀጥር! እኔ አምና ያመጣሁት ሰውዬ የብረት መፋቂያ ይዞ ገባ። ወዲያው ውሃው ቀላ። ለካ አልጌና ባርናክል እንዳይዛት የተቀባችውን ቀለም ነው የሚያወርደው። ሥራህን በፎቶ አሳየኝ ስለው "ውሃው ደፍርሷል፣ አይታይም" አለኝ። ማን አደፈረሰውና!

ኪዳኔ፦ ማሚቱ፣ የትኛው ጠላቂ ነው? ስም ጥሪ እንጂ።

ማሚቱ፦ ስም አልጠራም። ሒሳቡን ግን በሰዓቱ ነው የላከው።

ቦሌ በጀልባ፦ የጀልባ ሆድ ቀለም ከሆነ ፔቲት ትሪኒዳድ የሚባለውን ቀባ፣ ሌላውን እርሳው።

የዓባይ ማዶ፦ ሰውየው ብሩሽ ነው የጠየቀ። አንተ ሚስት ላግባ ወይ ቢሉህም ትሪኒዳድ ነው የምትል።

ኪዳኔ፦ ብሩሽ እኔ ከምገዛበት ሱቅ ግዛ፣ ድልድዩን እንደተሻገርክ ነው። ዕቃው ሌላ ነው።

ቦሌ በጀልባ፦ ያንኑ ብሩሽ ኦንላይን በግማሽ ዋጋ አይቼዋለሁ።

ኪዳኔ፦ ኦንላይኑ ቡና ይጋብዝሃል?

ጋሽ መልህቅ፦ ልጄ ሸራው፣ መጀመሪያ የተቀባችው ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ እወቅ። እየሟሟ የሚያልቀው ለስላሳው ከሆነ ብሩሽ አታስጠጋው። ያ ማሚቱ ያየችው ደመና መዳብ ያለበት ቀለም ነው፤ ለውሃው ፍጥረት መርዝ ነው፣ ላንተም ብር ነው የሚፈሰው። የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ ይበቃሃል፣ ቀስ እያልክ እሸው። ጠንካራው ቀለም ለስላሳ ብሩሽ ይችላል። ባርናክሉን በፕላስቲክ መፋቂያ አስነሣው፤ ብረት የምትጠቀመው ቀለም ያልተቀባ ፕሮፔለር ላይ ብቻ ነው። እዚያው እያለህ ዚንኩን (በሌላው ብረት ፈንታ እንዲበላ የሚታሰረውን ቁራጭ) እይ፣ ግማሹ ካለቀ ቀይር።

ማሪናው ውስጥ ግን በፍጹም እንዳትገባ! ጀልባዎች ከወደቡ የሚስቡት ኤሌክትሪክ ካፈተለከ ጡንቻህን ያስረዋል፣ ዋናተኛም ብትሆን ትሰምጣለህ። ጨው ባነሰበት ውሃ ደግሞ ይብሳል። ያንተን ገመድ መንቀል አይበቃም፣ የጎረቤትህ አለ። ወጣ ብለህ መልህቅ ጣል፣ የሞተሩን ቁልፍ ኪስህ ክተት፣ ላይ ሰው አቁም። ሙሉ የዋና ልብስ ልበስ፤ ባርናክሉ ይቆርጣል፣ የኛው ባሕረ ሰላጤ፣ የቼሳፒክ፣ ጄሊፊሽም በጋውን አይምርም።

ቦሌ በጀልባ፦ ጋሼ፣ በትሪኒዳድ ላይ ምን ይላሉ?

ጋሽ መልህቅ፦ ጥሩ ቀለም ነው። አሁን ተወን።

ሸራው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማሚቱ፣ ያ ጠላቂ ነጭ ቫን የሚነዳው ነው? ቅዳሜ ና ብዬው ነበር።

ማሚቱ፦ ኢንቦክስ ግባ።