ለደም ማነስ ቀይ ጤፍ ከማኛው ይሻላልን?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው እኅቴ ደም ማነስ ስለተገኘባት፣ እናታችን ከቅዳሜ ገበያ ቀይ ጤፍ አስገዝታ ማኛውን ከቤት አግዳለች። ቀይ ጤፍ ብረት እንዳለው ስንሰማ ያደግን ቢሆንም፣ የታዘዘላትን እንክብል ይተካ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ በሥነ ምግብ ሙያ የምሠራ ነኝ። የጤፍን ገንቢነት የሚጠራጠር የለም፤ ያልበሰለ 100 ግራም ጤፍ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 8 ግራም አሰር፣ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 7.6 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አለው። ሆኖም በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ጊዜ ከፊሉ የፍሬው ሳይሆን፣ እህሉ በበሬ ሲበራይ ከአውድማው የተጣበቀ አፈር ነው፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ የቱንም ያህል ቢነፋ አፈሩ ተጠርጎ አይወጣለትም። ይህ የአፈር ብረት ለሰውነት እምብዛም አይረባም። የፍሬውንም ብረት ፋይቴት የተባለ ውሁድ አስሮ ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ስለሚያስፈልጋት፣ እኅትዎ እንክብሉን በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡ።

መልስ 2፦ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሊጥ ላይ የጨረስሁ እናት ነኝና ስለ እርሾው ልጠይቅ። ዛሬ ማታ ተቦክቶ በማግስቱ የሚጋገረውና፣ ሦስት ቀን ሰንብቶ ያቀረረው ውሃ ተቀድቶለት፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ያለው ሊጥ ለሰውነት እኩል ናቸውን?

መልስ 1፦ እማማ፣ እኩል አይደሉም። ሊጡ ሲብላላ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ በደንብ የቦካው እንጀራ ብረቱን በተሻለ ይለቃል፤ ጤፉ ማኛም ሆነ ቀይ ይህን ያህል አያሳስብም። እንጀራው ከምስር ወጥና ሎሚ ከተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ጋር ቢበላ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ቡናና ሻይ ግን የብረትን መመጠጥ ስለሚያውኩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ።

መልስ 3፦ የደምቢያን ዳጉሳም አትርሱት፤ በብረት ባይሆንም በካልሲየም ጤፍን እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። በእኛ ቤት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል፤ መልኩ ቢጠቁርም ጣዕሙ ይለመዳል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ በእንክብሉ ተስማምታለች፤ ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚፈላውን ቡና ማዘግየቱን ግን እስካሁን እሺ አላለችኝም።