የወንድሜ ትኩሳትና ዱቄቱ ውስጥ የተደባለቀው ነገር

የኮዬ ፈጬ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከፍተኛ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያዘው፤ የሰፈራችን ክሊኒክ ሦስቱንም ጊዜ «ታይፎይድ ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጠው። እሑድ ዕለት ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲመጣ ግን የጆሮዎቹ ጫፍ እንደ በለዘ ቆዳ ወይን ጠጅ መስሎ አየሁት፤ አጥብቄ ስጠይቀው ኮኬይን እንደሚወስድ ነገረኝ። ሻጩ «ንጹሕ ነው» ብሎ ምሎለታል አሉ። ሕመሙ ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን?

ጡረተኛ የላብራቶሪ ባለሙያ፦
እህቴ፣ የጆሮው ነገር በጣም ያሳስበኛል። ኮኬይን ውስጥ የሚደባለቀው ሌቫሚዞል የተባለ መድኃኒት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ኢንፌክሽንን የሚዋጉትን፣ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ክፉኛ ያወርዳል፤ ትንንሽ የደም ሥሮችንም ስለሚያቆስል በተለይ ጆሮና ጉንጭ ላይ ቆዳው ይጠቁራል። ሰውየው ሲያቆም ሴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይመለሳሉ፤ ዳግም ሲወስድ ዳግም ይወርዳሉ፤ ሕመሙ የተመላለሰበት ለዚህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ከሁለት ቀን በኋላ ሽንት ላይ ማግኘቱ ያስቸግራል፤ የነጭ ደም ሴል ቆጠራ ግን በየትኛውም ሆስፒታል ይሠራል። አሁንም ትኩሳት ካለው ነገ አይበሉ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ሰንዳፋ፦
ሌቫሚዞል እኛ በጎችን ከሆድ ትላትል የምናክምበት ነው። ለሰውም ይታዘዝ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ግን በዚሁ የደም ጉዳት ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 ከገበያ ወጥቷል። አዘዋዋሪዎች የሚወዱት ነጭ፣ ርካሽና በመልክ ከኮኬይን የማይለይ ስለሆነ ነው። በነገራችን ላይ ለከብት ማደንዘዣ የምንጠቀምበት ዛይላዚንም በውጭ አገር ፌንታኒል ከሚባለው ኃይለኛ ኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት) ጋር ተደባልቆ ይሸጣል፤ የኦፒዮይድ ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን ደግሞ በዛይላዚን ላይ አይሠራም።

የኮዬ ፈጬ ነዋሪ፦
ለሐኪሙ ብንናገር ለፖሊስ ያሳልፈናል ብሎ ይፈራል።

ጡረተኛ የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን የሐኪም ሥራ የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ነው። ካልተነገረው ደግሞ አራተኛ ጊዜ ታይፎይድ ብሎ ይመልሳችኋል።

የኮዬ ፈጬ ነዋሪ፦
ትናንት ማታ ወስጄው ሁሉንም ራሱ ተናገረ። ኒውትሮፊሉ በጣም ወርዶ 400 ሆኖ ስለተገኘ አስተኝተውት አንቲባዮቲክ በደም ሥር ጀምረውለታል።